ጽዋውን ማን ይረከባል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው፤ ጸሐፊዎቻቸው እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ስለ አንድ ጉዳይ ጠይቀውናል። ሁሉም ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ተሰባስበው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። ክፍት ምንጭ የሚባለው የፕሮግራሙ ኮድ ለማንም ክፍት ሆኖ፣ የፈለገ ሰው እንዲያነበው፣ እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና ያሻሻለውንም ለሌላው እንዲያካፍል ፈቃድ የተሰጠበት ሥራ ነው። ጠያቂዎቻችን ኮድ መጻፉን ይችሉበታል፤ ያስጨነቃቸው በኮዱ ላይ ማን እንደሚወስን፣ የዛሬዎቹ ሰዎች ሲደክሙ ወይም ሲሄዱ ማን እንደሚተካቸው፣ የነገውስ ሥራ በምን እንደሚታቀድ ነው። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ከአምስት ዓመት በፊት አራት ሆነን የእድር መዋጮ የሚመዘግብ ፕሮግራም በአማርኛ ሠራን። ዛሬ ዘጠኝ ሆነናል፤ በከተማችንና በዙሪያዋ ያሉ እድሮችም ይጠቀሙበታል። ሥራውን የጀመረው ወንድማችን ከሁላችንም የላቀ ባለሙያ ሲሆን፣ የኮዱ ማከማቻ፣ የዶሜይኑ (የድረ ገጻችን ስም) እና የሰርቨሩ (ፕሮግራሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር) የይለፍ ቃል በእሱ እጅ ብቻ ነው። አሁን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ነው። እሱ ከዚያም ሆኖ እንደሚሠራ ይናገራል፤ እኛ ግን ስጋት ገብቶናል፤ ነገሩን ብናነሣበት ደግሞ ያላመንነው መስሎት እንዳይቀየመን እንፈራለን። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ በአብዛኛው ስለ ይለፍ ቃል ቢያወራም፣ እኔ አስቀድሜ ልመልስ የምወደው መጨረሻ ላይ ያነሡትን የቅያሜ ስጋት ነው። በበጎ ፈቃድ ሥራ ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት ቡድን ሲፈርስ ያየሁት በጊዜው ሊነገር የሚገባው ነገር በይሉኝታ ታፍኖ በመቆየቱ ነውና።

አያቴ ጣርማ በር አጠገብ ባለች መንደር የማርያም ማኅበርተኛ ነበሩ። በልጅነቴ ክረምቱን እሳቸው ዘንድ ስለማሳልፍ፣ ወር በገባ በ21 ማኅበሩ ሲጠጣ ብዙ ጊዜ ደርሼበታለሁ። ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ሙሴው ይነሡና የሚቀጥለውን ወር ተረኛ በስም ይጠራሉ፤ ተረኛዋም ነጠላዋን አደግድጋ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጸሎት ተደርጎላት በእልልታ ትሸኛለች። ጽዋውን ያስረከበው አባወራ ‘አላመናችሁኝም’ ብሎ ሲቀየም አንድም ቀን አላየሁም። ጽዋው ከቤቱ የሚወጣው ሁሉም ዓመቱን ሙሉ አስቀድሞ በሚያውቀው ተራ ስለሆነ፣ የሚቀየምበት ምክንያት አልነበረውም፤ እንዲያውም በጤና አድርሶ በማስረከቡ ይመረቅ ነበር።

የእናንተም ችግር የሚፈታው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል። ‘ልትሄድ ስለሆነ ቁልፉን አምጣ’ ማለት ያስቀይማል። ‘ከዛሬ ጀምሮ በቡድናችን ውስጥ ያለ ማንኛውም ኃላፊነት ባለ ተራና ተረካቢ ይኖረዋል፤ የመጀመሪያውን ርክክብ ደግሞ መሥራቻችን ይባርክልን’ ማለት ግን ለእሱም ክብር ነው። ጥያቄው በአንድ ሰው ላይ መነሣቱ ቀርቶ የሁላችሁ ደንብ ይሆናል፤ ነገ የእርስዎ ተራ ሲደርስም እርስዎ በዚያው ደንብ ያስረክባሉ።

በዓለም የታወቁ ሥራዎችም በዚህ ፈተና አልፈዋል። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሱም ወደ 30 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በቋንቋው ጉዳይ የመጨረሻው ወሳኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018፣ በቋንቋው ላይ ስለሚጨመር አንድ አጻጻፍ የተካሄደው ክርክር እጅግ ካደከመው በኋላ፣ ከዚህ ኃላፊነት መውረዱን አስታወቀ፤ ተተኪ እንደማይሾምና እንዴት እንደሚተዳደሩ ባልደረቦቹ ራሳቸው እንዲወስኑም ነገራቸው። እነሱም ለወራት የአስተዳደር ሐሳቦችን በጽሑፍ አቅርበውና ድምፅ ሰጥተው፣ አምስት አባላት ያሉት መሪ ምክር ቤት እንዲቋቋም ወሰኑ። የመጀመሪያው ምክር ቤት በ2019 መጀመሪያ ሲመረጥ፣ ከአምስቱ ተመራጮች አንዱ ራሱ ቫን ሮሱም ነበር። ለወንድማችሁ ልትነግሩት የሚገባው ይህንን ነው፦ ከወንበሩ መውረድ ከቤቱ መውጣት አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ርክክብ በጥድፊያ ሲሆንም ጉዳት አለውና። ኤክስዜድ የሚባል፣ በብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚገኝ ፋይል አሳናሽ ፕሮግራም ለዓመታት በአንድ በጎ ፈቃደኛ ትከሻ ላይ ነበር። ሰውየው መድከሙን በግልጽ በተናገረበት ወቅት፣ ማንነቱ የማይታወቅ አንድ ረዳት ቀርቦ ሁለት ዓመት ያህል በትዕግሥት ጥሩ ሥራ እየሠራ አመኔታ አገኘ፤ ሌሎች የማይታወቁ ስሞችም ‘ቶሎ ሰው ይተካ’ እያሉ ባለቤቱን ይጎተጉቱት ነበር። በመጨረሻ ሥልጣኑ እጁ ሲገባ፣ ያ ረዳት በፕሮግራሙ ውስጥ ስውር መግቢያ አስቀመጠበት። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድ መሐንዲስ ወደ ሰርቨር ሲገባ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስገርሞት ነገሩን ባይመረምር ኖሮ፣ አደጋው እጅግ ሰፊ ይሆን ነበር። ብቻውን የደከመ ሰው ቁልፉን ለመጣው ሁሉ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ተረካቢ የሚፈለገው ባለቤቱ ገና ሳይደክም፣ ሌሎቹም እያዩ ነው።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ አንድ ማታ ዘጠኛችሁም ተሰብሰቡና በአንድ ደብተር ላይ ፕሮግራሙ የሚኖርባቸውን ነገሮች ሁሉ ዘርዝሩ፤ የኮዱ ማከማቻ፣ ዶሜይኑ፣ ሰርቨሩ፣ ኢሜይሉ፣ የመጠባበቂያ ቅጂው፣ ገንዘብ ካለም የባንክ ደብተሩ አይቅር። ከእያንዳንዱ ጎን መግባት የሚችሉትን ሰዎች ስም ጻፉ። አንድ ስም ብቻ የተጻፈበት መስመር ሁሉ፣ ያ ሰው ቢታመም ወይም ስልኩ ቢሰረቅ ሥራው የሚቆምበት ቦታ ነው። ኮዱ በግል አካውንት ውስጥ ከሆነ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ የድርጅት አካውንት ከፍታችሁ ወደዚያ አዛውሩትና ሦስት ሰዎች የባለቤትነት መብት ይኑራቸው። ዶሜይኑም ክፍያው የሚታደስበት ቀን ለሁላችሁ የታወቀ ይሁን።

ይህን የመጨረሻውን የምናገረው ስለተጎዳሁበት ነው። ከዓመታት በፊት የትርጉም ሥራ ከሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ጋር ነበርኩ። የዶሜይናችንን ክፍያ አንድ አባላችን በራሱ ካርድ ይከፍል ነበር፤ ሥራ ለቅቆ ካርዱ ሲዘጋ ማሳሰቢያው የሚሄደው እሱ ወደማይከፍተው ኢሜይል ስለነበረ ማናችንም አላወቅንም። አንድ ጠዋት ገጻችንን ስከፍት የማናውቀው ሰው ማስታወቂያ ወጣ። ስሙን መልሰን አላገኘነውም፤ ተጠቃሚዎቻችንን አንድ በአንድ እየፈለግን አዲሱን አድራሻ ለመንገር ወራት ፈጀብን። ጥፋቱን በዚያ ልጅ ላይ አልጥልም፤ ሁለተኛ ስም ያልጻፍነው ሁላችንም ነን።

ከይለፍ ቃሉ የሚከብደው ግን በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ያለው እውቀት ነው። ስለዚህ ወንድማችሁ ገና እዚሁ እያለ፣ የሚቀጥለውን የፕሮግራሙን እትም ሌላ ሰው ያውጣው። መሥራቹ አጠገቡ ይቀመጥ፤ እጁን ግን ኪቦርዱ ላይ እንዳያሳርፍ ቃል ይግባ። ሠሪው የተቸገረበትን እያንዳንዱን ቦታና መሥራቹ በቃል የመለሰለትን ሦስተኛ ሰው ይጻፈው። ያ ጽሑፍ ለሚቀጥለው ተረካቢ መመሪያ ይሆናል። ከመሄዱ በፊት ይህን ሁለት ጊዜ ብታደርጉት፣ ‘ከዚያም ሆኜ እሠራለሁ’ ያለውን ቃል ፈተና ቢበዛበትና ባይጠብቅ እንኳ እድሮቹ አይጎዱም።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)

የአማርኛ የፊደል ግድፈት ማረሚያ የሚሠራ ቡድን አባል ነኝ። አሥራ አራት ነን። ለፍትሕ ብለን ሁሉንም ነገር በድምፅ ብልጫ እንወስናለን፤ ነገር ግን በስብሰባ ላይ ከአራት ሰው በላይ ስለማይገኝ ምልዓተ ጉባኤ አይሟላም። ‘ፀሐይ’ እና ‘ጸሐይ’ ሁለቱም ትክክል ተብለው ይለፉ ወይስ አንዱ ብቻ የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሦስት ወር ፈጀብን። ድምፅ መስጠቱን እንተወው?

መልስ

ድምፅ መስጠቱን አትተዉት፤ የሚሰጥበትን ጉዳይ ግን አሳንሱት። ውሳኔ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የ‘ፀሐይ’ ጉዳይ በቃላት ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር በመጨመር ወይም በማውጣት የሚለወጥ ነው፤ ዛሬ ብትሳሳቱ ነገ ታርሙታላችሁ። የፕሮግራሙን ፈቃድ መለወጥ፣ ስሙን መለወጥ፣ አባልን ማሰናበት፣ ደንቡን ማሻሻል ግን ለመመለስ እጅግ የሚያስቸግር ወይም ጨርሶ የማይመለስ ነው። እናንተ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ክብደት ስትመዝኑት ነው ሦስት ወር የፈጀው።

አፓቺ በተባለው የክፍት ምንጭ ድርጅት ሥር ያሉ ሥራዎች ለዕለት ተዕለት ጉዳይ ዝምታን እንደ ስምምነት የሚቆጥር ልማድ አላቸው። አንድ አባል ሊያደርግ ያሰበውን በጽሑፍ ያሳውቃል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ የተቃወመ ከሌለ ሥራውን ይቀጥላል። የ72 ሰዓቱ ምክንያት ሰዎቹ በተለያየ የዓለም ክፍል የሚኖሩና በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ሁሉም አይቶ ለመመለስ ዕድል እንዲያገኝ ነው። የኮድ ለውጥን የሚቃወም ሰው ደግሞ ‘አልወደድኩትም’ ብሎ ማለፍ አይችልም፤ ቴክኒካዊ ምክንያቱን መጻፍ አለበት። ለእናንተ ከሦስት ቀን ይልቅ አንድ ሳምንት ይሻላል ባይ ነኝ፤ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ አባል ሳያይ የተወሰነበት እንዳይመስለው።

ለከባዱ ውሳኔ የሚሆነውን ምልዓተ ጉባኤም እንደገና አስቡት። ደቢያን የተባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀምሮ በ1998 የራሱን ሕገ መንግሥት ያጸደቀ፣ መሪውንም በየዓመቱ የሚመርጥ የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ለጠቅላላ ውሳኔ የሚያስፈልገው ምልዓተ ጉባኤ የሚሰላው የአባላቱን ቁጥር ካሬ ሥር በግማሽ ከፍሎ በሦስት በማባዛት ነው። አባላቱ 900 ቢሆኑ ካሬ ሥሩ 30፣ ግማሹ 15፣ በሦስት ሲባዛ 45 ይሆናል። ከ900 ሰው 45ቱ ይበቃል ማለት ነው። ይህን ያደረጉት በጎ ፈቃደኛ ሁሉ በየጉዳዩ ይመጣል ብለው ራሳቸውን ስላላታለሉ ይመስለኛል። ለሕገ መንግሥት ማሻሻያ ግን ሦስት ለአንድ የሆነ ብልጫ ይጠይቃሉ። የተገኙት ሰዎች ቁጥር ዝቅ ሊል ይችላል፤ የስምምነቱ መጠን ግን እንደ ጉዳዩ ክብደት ከፍ ይላል። ይህን ስሌት ለአሥራ አራት ሰው እንዳለ ውሰዱ አልልም፤ ለከባዱ ውሳኔ ስድስት ሰው ይበቃችኋል።

መሐል ሜዳ ሆነው ስለጻፉልን፣ ከባሕር ማዶ ምሳሌ ይልቅ ከደጅዎ ያለው የጓሳ ነገር ይበልጥ ሊያስተምር ይችላል። የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር ምድሩን ቄሮ በሚባል ነባር የአጠባበቅ ሥርዓት ያስተዳድር ነበር፤ ሥርዓቱም ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ባለ መብቶቹ ከአቅኚ አባቶች የሚወለዱት የአስቦና የጌራ ሰዎች ሲሆኑ፣ የሚመሯቸውን አባ ቄራዎች ይመርጡ ነበር። ሣሩ ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይና ሲደርስ ለሁሉም በአንድ ቀን ይከፈታል፤ ዝግ በሆነበት ጊዜ የገባ ይቀጣል። ማን ባለ መብት እንደሆነ፣ ማን እንደሚወስን፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ያጠፋ ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል። ኤሊኖር ኦስትሮም ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ያለ መንግሥት ትእዛዝና ያለ ግል ባለቤት እንዴት ጠብቀው እንደሚያኖሩ ባደረገችው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ስታገኝ፣ ከለየቻቸው መርሆች መካከል የታወቀ ወሰን፣ በደንቡ የሚነኩ ሰዎች በደንቡ አወጣጥ መሳተፋቸውና ደረጃ ያለው ቅጣት ይገኙበታል። እነዚህ በጓሳ ላይ ሲሠራባቸው የነበሩ ናቸው። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ፈርሶ የነበረ ቢሆንም፣ ሕዝቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከአሥራ አራቱ መካከል ላለፈው አንድ ዓመት ምንም ያልሠራ ሰው በምልዓተ ጉባኤው ይቆጠራል ወይ የሚለውን ደንባችሁ በግልጽ ይመልስ። የቦዘነውን አባል ሳታሳዝኑ ‘የቀድሞ ባልደረባ’ በሚል ስም አስቀምጡት፤ ሲመለስ በሩ ክፍት ይሁን።

ስለ ‘ፀሐይ’ ከጠየቁኝ፣ ሁለቱም ይለፉ፤ ፕሮግራሙ ጥቆማ ሲሰጥ ግን ሁልጊዜ ‘ፀሐይ’ን ያስቀድም።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)

የገበያ ዋጋ በስልክ የሚያሳይ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ሠርተናል። አንድ የግል ድርጅት ሁለት አባሎቻችንን በደመወዝ ቀጥሮ በዚሁ ሥራ ላይ ሊያሠራቸው፣ ለእኛም ገንዘብ ሊሰጥ ፈልጓል፤ በምላሹ የእሱ ፍላጎት እንዲቀድም ይጠይቃል። ገሚሶቻችን ‘ነፍሳችንን መሸጥ ነው’ ይላሉ። ሕጋዊ ሰውነትስ ያስፈልገናል?

መልስ

ገንዘብን በመፍራት ብቻ አትመልሱት። የኢንተርኔትን ምስጢራዊ ግንኙነት በሰፊው የሚጠብቀው ኦፕንኤስኤስኤል፣ ኸርትብሊድ የተባለው ከባድ ስሕተት እ.ኤ.አ. በ2014 እስኪገኝበት ድረስ፣ በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ በሚሆን ልገሳ የሚኖር፣ ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበትም ሰው ከአንድ የማያልፍ ሥራ ነበር። ታላላቅ ድርጅቶች በነፃ ይጠቀሙበት ነበር፤ ለጠባቂዎቹ የሚከፍል ግን አልነበረም። ገንዘቡ የመጣው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

ልትጠነቀቁበት የሚገባው ገንዘቡ የወሳኝነት ወንበር ይዞ እንዳይመጣ ነው። ፓይተን ከላይ በጠቀስኩት መሪ ምክር ቤት ውስጥ፣ ከአምስቱ አባላት በአንድ አሠሪ ሥር የሚሠሩ ከሁለት እንዳይበልጡ ደንግጓል። እናንተም ተመሳሳይ ገደብ ጻፉ። ለድርጅቱ የሚሰጠው መልስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ የሚቀጥራቸው ሰዎች እሱ የሚፈልገውን ክፍል ቢሠሩለት ደስ ይለናል፤ ሥራው ግን እንደ ማንኛውም ሰው ሥራ በሌላ አባል ታይቶ ነው የሚገባው፤ የዕቅዱ ቅደም ተከተልም በቡድኑ ይወሰናል።

በሕግ በኩል ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ ሥራ የተጠበቀ ነው፤ ተቀጣሪ በቅጥሩ ምክንያት የሠራው ሥራ የኢኮኖሚ መብት ደግሞ በውል ሌላ ካልተባለ በቀር የአሠሪው ይሆናል። ሁለቱ ልጆች የቅጥር ውል ከመፈረማቸው በፊት፣ ለዚህ ፕሮግራም የሚጽፉት ኮድ በፕሮግራሙ ፈቃድ ለሕዝብ እንደሚለቀቅ የሚገልጽ አንቀጽ በውሉ ላይ ይግባ። ይህ አንቀጽ ካልገባ ነገ የኮዳችሁ ግማሽ የማን እንደሆነ መከራከር ይመጣል። ሕጋዊ ሰውነትን በተመለከተ፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ተስማምተው ድርጅት ሊመሠርቱ ይችላሉ። ገንዘብ በቡድኑ ስም መቀበል ከፈለጋችሁ ተመዝገቡ፤ በአንድ አባል የግል የባንክ ሒሳብ መቀበል ያ አባል የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን አይገባም። ገንዘብ የማትቀበሉ ከሆነ ግን ጥሩ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ለጊዜው ይበቃችኋል፤ የሪፖርትና የኦዲት ግዴታ ለጥቂት ሰው ቀላል ሸክም አይደለም።

ጥያቄ (ከዓለም ከተማ)

የቤተ መጻሕፍት መመዝገቢያ የምንሠራ ቡድን በሐሳብ ለሁለት ተከፍለናል። ኮዱን ይዘን ብንለይ ነውር ነው?

መልስ

ነውር አይደለም፤ ፈቃዱ ራሱ የሰጣችሁ መብት ነው። ሊብሬኦፊስ የተባለው የቢሮ ሥራ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ የተለየው አዘጋጆቹ ሥራው በአንድ ኩባንያ ፈቃድ ብቻ እንዳይወሰን ስለፈለጉ ነው፤ ራሱን የቻለ ተቋም መሥርተውም እስከ ዛሬ ዘልቀዋል። ኖድ ጄኤስ የተባለው፣ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር ደግሞ በ2014 መጨረሻ ተከፍሎ፣ በሚቀጥለው ዓመት በአዲስ አስተዳደር ሥር ተመልሶ አንድ ሆኗል። ያኔ መለየቱ ለዕርቁ መንገድ ከፍቶለታል፤ ‘ልንለይ እንችላለን’ የሚለው እውነት ሲታይ የአስተዳደሩ ጥያቄ በቁም ነገር ተሰማ።

ሆኖም ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ኮዱን መውሰድ ቢፈቀድም ስሙን መውሰድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚለየው ወገን አዲስ ስም ያውጣ። ከመለየታችሁ በፊት ደግሞ ሁለቱንም ወገን የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ፣ ኮድ የማያውቅ ቢሆን እንኳ፣ አስቀምጡና የተጣላችሁበትን ነገር ለእሱ በአማርኛ አስረዱት። ሰዎቹ የተጣሉት በቴክኒክ ከሆነ ለሽማግሌው ማስረዳት ያቅታቸዋል፤ የተጣሉት በመናናቅ ከሆነ እሱ በአንድ ሰዓት ይለየዋል።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)

የትምህርት ቤት ውጤት መመዝገቢያ ፕሮግራም አለን። የሦስት ዓመት ዕቅድ ለማውጣት ሞክረን ሁለት ጊዜ ሳይሳካ ቀረ፤ በበጎ ፈቃድ የሚሠራን ሰው ‘ይህን በዚህ ቀን ጨርስ’ ማለት አይቻልም። እንዴት ይታቀዳል?

መልስ

ሥራውን በቀን ማሰር ካልቻላችሁ፣ ቀኑን ብቻ እሰሩትና የደረሰው ሥራ ይግባበት። ኡቡንቱ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በየስድስት ወሩ፣ በኤፕሪልና በኦክቶበር አዲስ እትም ያወጣል፤ ፓይተንም አሁን በዓመት አንድ ጊዜ በኦክቶበር ያወጣል። ያልደረሰ ሥራ ለቀጣዩ ይተላለፋል፤ እትሙ ግን አይጠብቀውም። አንድ ሰው የሠራው ባይደርስለት የሚቀጥለው ቀን የታወቀ ስለሆነ አይጨነቅም፤ ሳይበስልም አያስገባም። ደቢያን በተቃራኒው ሲዘጋጅ ነው የሚያወጣው፤ ይህ የሚያዋጣው ግን ብዙ ሰውና የቆየ ልምድ ላለው ማኅበር ነው፤ ለእናንተ የመጀመሪያውን እመርጥላችኋለሁ።

ቀኑን ስትመርጡ ከውጭ አገር አትቅዱ። የእናንተ ተጠቃሚ መምህር ስለሆነ፣ አዲሱ እትም መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ተሞክሮ ያለቀ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ነሐሴ መጀመሪያ ይውጣ። ሁለተኛው እትም ደግሞ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ከማለቁ በፊት ይውጣ። አባሎቻችሁ ደግሞ መቼ ጊዜ እንደሚያጥራቸው ጠይቁ፤ ቤተሰቡ በደጋው በልግ የሚያመርት ልጅ ሰኔ ላይ፣ ቆላ ያለው ኅዳር ላይ ለአጨዳ ይፈለጋል፤ ተማሪው ጥር ላይ ፈተና አለበት። እነዚህን ቀኖች በካሌንደር ላይ አስቀምጣችሁ የሚተርፈውን ብታዩ፣ በዓመት ውስጥ ያላችሁ እውነተኛ የሥራ ጊዜ ምናልባት አራት ወር ይሆናል። ሁለቱ ዕቅዶቻችሁ የወደቁት አሥራ ሁለት ወር እንዳላችሁ አድርጋችሁ ስላሰባችሁ ይመስለኛል።

የሦስት ዓመቱን ዕቅድ ከአንድ ገጽ አታስበልጡት። በእሱ ላይ የትኞቹን ሥራዎች እንደማትሠሩም ጻፉ፤ ‘የክፍያ ሥርዓት አንጨምርም’ የሚል አንድ መስመር ብዙ ክርክር ያስቀራል። በእያንዳንዱ ሥራ ፊት ለፊት የሚሠራው ሰው ስም ይኑር፤ ስም የሌለው ሥራ ምኞት ተብሎ በሌላ ዝርዝር ይቀመጥ።

ብዙዎች የሚዘነጉትን አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት እንድታስገቡ እለምናችኋለሁ፤ እሱም ቡድናችሁ ቢበተን ተጠቃሚው ምን እንደሚሆን ነው። መምህሩ የተማሪዎቹን ውጤት ሁሉ በአንድ ቁልፍ ወደ ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ ማውጣት ይችላል? ካልቻለ፣ እናንተ ስትቆሙ የልጆቹ ውጤት እናንተ ጋር ይቀራል። ይህን መሥራት ሁለት ቅዳሜ ቢፈጅ ነው፤ ከነሐሴው እትም ውስጥ መጀመሪያ እሱን አድርጉት፤ አንድ የደብረ ሲና መምህርም ያለ እናንተ እርዳታ ይሞክረው።